በጃርት እሾህ ያጌጠው በር

ተረት ተረት! የላም በረት እንዳትሉኝ፤ ላሟ ለግብር ተነድታለች።

አንበሳ «ጅብ እንዳይገባብን አጥር ይታጠር» ብሎ ከአውሬው ሁሉ እሾህ አስዋጣ። ድኩላ ከግራሩ፣ ጦጣ ከአጋሙ እየለቀሙ ሰጡ። እመት ጃርት ግን ያላት የጀርባዋ እሾህ ብቻ ነበርና፣ እያለቀሰች አንድ ሳታስቀር ነቅላ አስረከበች።

ክረምት ሲገባ ሁሉም ለምርቃት ተጠራ። አጥር የሚባል ነገር የለም። ባዶ ሜዳ ላይ በጃርት እሾህ ያጌጠ ትልቅ በር ብቻውን ቆሟል።

«ጌታዬ፣ አጥሩስ?» አለች ጃርት።

አዋጅ ነጋሪው ቀበሮ ቀደም ብሎ፣ «እመት ጃርት፣ ምቀኝነት ይቅርብሽ! እንዲህ ያለ በር የትኛው ጫካ አለ? ይልቅ አጨብጭቢ!» አላት።

አጨበጨበች።

ጭጋጉ ሲወርድ አያ ጅቦ መጣ። በጎን ማለፍ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ጨዋ ነውና በበሩ ገባ። ጃርት ስታየው እንደ ልማዷ ዞራ ጀርባዋን ሰጠችው።

አያ ጅቦ እንዲህ ያለ ለስላሳ ጀርባ ገጥሞት አያውቅም። «ይኼ አገርማ ሠልጥኗል» አለ፣ አፉን እየጠረገ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ግን አልጠብቅም።