ሳቢው ማን ነው?

አንድ ሰው ነበረ። ቤተሰቡን ይዞ ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና ቤት ይቀይራል። ከጓደኛው የተዋሳትን ትንሽ ተሳቢ በቤት መኪናው ላይ ቀጥሎ ዕቃውን ጫነ። ፍራሹን፣ ወንበሩን፣ የልብሱን ሻንጣ ከፊት ደረደረ። ከባዷን የወፍጮ ሞተር ግን መጨረሻ፣ የተሳቢዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠና ሸራ ጣል አደረገባት።

ያቺ ሞተር የአባቱ ነበረች። አባቱ ሲሞቱ ከታናሽ ወንድሙ ከኤርሲዶ ጋር የተጣሉት በእሷ ነው። እሱ ወሰዳት፤ ኤርሲዶ ቀረበት፣ ተኳረፉ። ሚስቱ ታደለች "የማርታ አባት፣ ይህቺን ነገር ለወንድምህ ስጠውና ታረቁ" ባለችው ቁጥር "ተይኝ እባክሽ! እኔ ያንን ጉዳይ ወደ ኋላ ጥዬዋለሁ" ይላታል።

ልብ በሉ፣ ወደ ኋላ ጥዬዋለሁ ነው ያለው።

መንገዱ ሜዳ እስካለ ሰላም ነው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ተሳቢዋ መወዛወዝ ጀመረች። ወዲህ ትላለች፣ ወዲያ ትላለች። ሰውዬው ግራ ገባው። ነፋስ ይሆን? ጎማ ተንፍሶ ይሆን? ቀኝ ሲይዝ መኪናው ወደ ግራ ይሄድበታል፤ ግራ ሲይዝ ወደ ቀኝ። ፍጥነት ቢጨምር ባሰባት። ፍሬን ቢረግጥ ጭራሽ ልትገለብጣቸው ሆነ። ልጆቹ ከኋላ ወንበር ይጮሃሉ። መሪው በእጁ ነው፤ መኪናው ግን በእጁ አይደለም። እንዴት ነው ነገሩ? እኔ ነኝ የምስባት ወይስ እሷ ናት የምትስበኝ?

"እግርህን አንሳ!" አለች ታደለች። "መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ በኢየሱስ ስም!"

እግሩን አነሳ። ቀስ እያሉ፣ ቀስ እያሉ ቆሙ።

ወርዶ ጎማዎቹን መታ መታ አደረገ። ደህና ናቸው። ማያያዣውን ነካካ። ደህና ነው። ዞረ፣ አሁንም ዞረ፣ ምንም አልገባውም። ያየችው ታደለች ናት። የተሳቢዋ ጫፍ ወደ መሬት ተጭኖ የመኪናውን ኋላ ብድግ አድርጎታል።

"ያቺ ወደ ኋላ የጣልካት ናት" አለችው።

መንገደኛ ለምነው ሞተሯን ወደ ፊት ገፏት፤ ከመኪናው አጠገብ አደረጓት። ፍራሹ ወደ ኋላ ሄደ። ተሳቢዋም ከዚያ ወዲያ በሰላም ተከተለች። ሰውዬው ግን ይበልጥ ግራ ገባው። ስፖኪዮውን ባየ ቁጥር የሚያየው ሞተሯን ነው።

"አሁን ፊቴ ላይ ተደቀነች እኮ፣ ታዱ።"

"ጥሩ ነው። እያት።"

ወራቤ ደረሱ። ኤርሲዶ የሚኖረው እዚያ ነው። ሰውዬው ሳይቆም ሊያልፍ ነበር ያሰበው። አሁን ግን ፍሬቻ አሳየና ታጠፈ። ምን እንደሚል አያውቅም፤ በሩ ይከፈትለት አይከፈትለት አያውቅም። ብቻ አንኳኳ።

ኤርሲዶ ወጣ። ሞተሯን አየ፤ የወንድሙን ፊት አየ። "ምን ሆነህ ነው?" አለው።

"ልጆቼን ልገድላቸው ነበር" አለና አለቀሰ። ኤርሲዶም በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

ወገኖቼ፣ አሜን አትበሉኝ፣ ገና ነኝ! ስንቶቻችን ነን "ትቼዋለሁ፣ ረስቼዋለሁ" እያልን፣ ሸራ አልብሰን የምንጎትተው? በሚስታችሁ ላይ የምትጮኹት እውነት ሚስታችሁ አጥፍታ ነው? ቀኝ ያዝኩ ትላላችሁ፣ ኑሯችሁ ወደ ግራ ይሄዳል። ግራ ይገባችኋል። ጾም ጸሎት ትጨምራላችሁ፤ ነፋሱን ትገስጻላችሁ!

ነፋስ አይደለም። ሸራውን ግለጡት። ከባዱን ነገር ወደ ፊት አምጡት፤ በጌታ ፊት፣ በገዛ ዓይናችሁም ፊት። ምን ብለን እንጀምር ትሉኛላችሁ? ሰውዬውም አያውቅም ነበር።

ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ወራቤ በኩል ታልፋላችሁ። አትለፉት። ፍሬቻ አሳዩ። ልጆች ጭናችኋል እኮ።