ድንኳን የተተከለለት ድረ ገጽ

ልጄ፣ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሲጠየቅ ከበድ ያለ ነገር መመለስ ነበረበት። አንቺ «ድረ ገጽ መሥራት በኢንተርኔት እየተማርኩ ነው፤ የሠራሁትን ለሰው የማሳየው መቼ ነው?» ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ከባድ መልስ ፈልጌ አጣሁ። ያገኘሁት የለቅሶ ወሬ ነው፤ እሱም ያስቃል። በለቅሶ መሳቅ ነውር መሆኑን ስለማውቅ፣ እኔ ሳልስቅ እነግርሻለሁ።

አንድ ሰው ነበረ። ይርዳው ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የድሮ ሰፈሩ ፈርሶ ጎረቤቱ ሁሉ በከተማዋ ዳር ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበታትኗል። እንደ ድሮው የቀረው ዕድሩ ብቻ ነበር፤ እሱም እየተዳከመ ነው። የዕድሩ ጥሩምባ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው አይሰማም፤ በስልክ የሚተላለፈው መልእክትም መንገድ ላይ ይጣመማል። አንዲት አሮጊት የሞቱ ጊዜ ግማሹ ዕድርተኛ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ የማያውቀውን ሰው በሥርዓት አልቅሶ ቀብሮ ተመለሰ። የአሮጊቷን ሣጥን ይርዳው ከመንገደኛ ጋር ተሸከመ። የዕድሩ ዳኛም «ሰው ካልደረሰ ዕድር ምን ያደርጋል? ለዓመቱ ጉባኤ ይቅረብና እናፍርሰው» አለ።

ይህ ነገር ይርዳውን አንገበገበው። ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ ለቅሶው ቤት በየት በኩል እንደሚኬድ ሁሉም በስልኩ የሚያይበት አንድ ገጽ ቢኖር ብሎ አሰበ፤ ሊማርም ተነሣ። ከዚያ በፊት ከኮምፒውተር ጋር የነበረው ትውውቅ አቧራውን መጥረግ ነበር። በቪዲዮ የሚያስተምረው ወጣት «ጓደኞቼ!» ባለ ቁጥር፣ ይርዳው የጨዋ ልጅ ነውና «አቤት» ይላል። አንድ ጊዜ ፊደል የሚያወፍረውን ምልክት ከፍቶ መዝጋት ረሳና ገጹ ከላይ እስከ ታች ወፍሮ ዋለ። በሾፌርነት ዘመኑ በር ሳይዘጋ ነድቶ አያውቅም ነበርና እጅግ አፈረ።

ቀስ በቀስ ግን ገጹ ገጽ መሰለ። ለመሞከሪያ የሟች ስም አስፈለገው። የሰው ስም ቢያስገባ ማሟረት ሆነበት፤ ስለዚህ የራሱን ከነአባቱ አስገባ። «ቀብር ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት» አለ፤ ወደ ቤቱ የሚያመጣውንም መንገድ ጻፈበት። ገጹን አጥቁሮ ዙሪያውን መስመር አሰመረበት። ፎቶግራፉን ከመንጃ ፈቃዱ ላይ ወሰደ፤ ለዚህ ጉዳይ ከዚያ የተሻለ ፊት አልነበረውም። ከስልክ ላይ እንዴት እንደሚታይ ለማየትም ኢንተርኔት ላይ ሰቀለው፤ አድራሻውን ግን ከራሱ በቀር ማንም አያውቅም።

ሚስቱ «አንተ ሰው፣ አሳያቸው እንጂ! ጉባኤው ደረሰ እኮ» ትለዋለች።

«የቁልፉ ቀለም አልጣመኝም።»

«የትኛው ቁልፍ?»

«ገጹ ላይ ያለው ነዋ! ዳኛው እንዲስቅብኝ ነው? ከጉባኤው በኋላ አሳያለሁ።»

ዕድሩ ከፈረሰ በኋላ የሚስቅበት እንደማይኖር በደንብ አስቦበታል።

ሴትዮዋ ሰለቻት። የጉባኤው ዋዜማ ጠዋት፣ ከስልኩ ላይ አድራሻውን ወስዳ ለዳኛው ሚስት ላከችላትና ገበያ ወጣች። ገጹን ከፍታ አይታው ነበር፤ ያማረ መስመርና የባሏ ፎቶ አየች፣ ፊደሉ ግን ከማነሱ የተነሣ አልተነበበላትም።

የዳኛው ሚስት ዐይኗ ደህና ነው፤ አነበበችው። መልእክቱ ከሟቹ ሚስት ስልክ፣ ያለ አንዲት ቃል ነው የመጣው። ሐዘን የመረራት ሴት ምን ቃል ትጨምር? ለሌላው ላከች፤ ሌላውም ለሌላው።

ይርዳው ያን ጊዜ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ «ጓደኞቼ»ን ያዳምጣል። ዕድርተኞች መጥተው በሩን ቢያንኳኩ አልሰማም። ሰዎቹም «ሬሳውን ሊያመጡ ሄደው ነው» ብለው ሕንፃው ሥር ድንኳን ተከሉ። ትምህርቱ አልቆ ማዳመጫውን ሲያወልቅ የልቅሶ ድምፅ ሰማ። ዕድርተኛ ነውና ጋቢውን ደርቦ ወረደ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠና አጠገቡ ያለውን፣ ፊቱን በመሐረብ የሸፈነውን ሰውዬ በለሆሳስ ጠየቀ።

«ማን ነው ያረፈው?»

«ሾፌሩ ይርዳው። ምን የመሰለ ሰው!»

«አዬ!» አለ ይርዳው፣ ደንግጦ። ከዚያ ጥቂት አሰበ። «የትኛው ይርዳው?»

ሰውዬው መሐረቡን አነሣ። የጮኸው ጩኸት ከቀድሞው ልቅሶ ሁሉ በለጠ።

ዳኛው ተነሥቶ ቆመ። «አንተ ሾፌር፣ አልሞትክም?»

«አልሞትኩም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ ይርዳው። ነገሩ ሲገለጥለት ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ወደ ፎቁ ሮጦ ሊደበቅ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር።

ያኔ ከሩቁ ኮንዶሚኒየም የመጡ አንዲት እናት ጠሩት። «ና ወዲህ አንተ! ዛሬ ገና ማንንም ሳልጠይቅ መጣሁ፤ መንገዱን ገጽህ ላይ አየሁት። ግን ይኼ ፊደል ነው ጉንዳን? የልጅ ልጄ ባታነብልኝ መሞትህን በምን አውቅ ነበር?»

«በእኔ ስልክ ሰዓቱ ተቆርጧል» አለ ሌላው። «ከጠዋት ጀምሮ የተጎለትኩት ለዚያ ነው።»

«ጥቁር ላይ ግራጫ ይጻፋል እንዴ? ለሟች እንጂ ለአንባቢ አላሰብክም!»

ይርዳው እግሩን መለሰ። ዙሪያውን ሲያይ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ቆሟል፤ አንድም የቀረ ዕድርተኛ የለም። ፎቅ ወጣ፤ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ወረደ። ድንኳኑ መሀል ተቀምጦ ፊደሉን አተለቀ፤ ሰዓቱን ወደ ቦታው መለሰ፤ ግራጫውን ነጭ አደረገ። ሰዉም በየስልኩ እያየ «ጨምር፣ ትንሽ ጨምር፣ በቃ!» ይለዋል፤ አውቶቡስ ወደ ኋላ እንደሚያስነዳ። ሚስቱ ከገበያ መጥታ ድንኳኑን ስታይ ቲማቲሟን በትና «ባሌን!» እያለች ሮጠች፤ ባሏ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «ቆይ፣ እየሠራሁ ነው» አላት።

ዳኛውም ጉሮሮውን ጠርጎ «ዕድርተኛው እንዲህ ሞልቶ አያውቅም፤ ጉባኤውን አሁን እንያዝ» አለ። ዕድሩ ይፍረስ የሚል እጁን እንዲያወጣ ተጠየቀ። እጅ አልወጣም። ይርዳውም በመጀመሪያ የራሱን ሞት ከገጹ ላይ እንዲሰርዝ በሙሉ ድምፅ ታዘዘ።

አየሽ ልጄ፣ ያ ሾፌር አንቺ ነሽ። ጓዳ ያለ ገጽ ጉድለቱም አይታይም፣ ጥቅሙም አይታይም፤ ሰው ፊት ሲወጣ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ። ቪዲዮው ምልክት መዝጋት ያስተምርሻል። ፊደልሽ ማነሱን የሚነግርሽ ግን ሊያነብ ፈልጎ ያቃተው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ካላሳየሽው ከየት ይመጣል? ይስቁብሽ ይሆናል፤ የሚስቁት ግን መጥተው ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ አሳዪ። ለመሞከሪያ የምታስገቢውን ስም ብቻ አስቢበት።

አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ይህን ታሪክ ለማንም እንዳትደግሚው። አጨራረሱ ላይ ገና ጥቂት የማስተካክለው ነገር አለኝ።