በጆሮ የተጠበቀ ማሽላ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ማሽላውን በጆሮው የሚጠብቅ።»

አባባ ላቀው ለትርንጎ እንዲህ ብለው ጀመሩላት። ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ እሷ ግን ቃላቸውን ዛሬም ከነድምፃቸው ታስታውሰዋለች። ያን ጊዜ ትርንጎ ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ የአንዲት ሕፃን እናት፣ ብዙ የማትናገር ወጣት ነበረች። የምትሠራው በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ስፌቱ ላይ ሳይሆን የሰፊዎቹ ልጆች በሚውሉበት ክፍል። የራሷም ልጅ እዚያው ትውላለች። አባባ ላቀው ደግሞ የግቢው ዘበኛ ናቸው። ያንን ከባድ የብረት በር ሁልጊዜ በግራ እጃቸው ነበር የሚከፍቱት።

የዚያን ቀን ትርንጎ ከሥራ ስትወጣ ልጇን እንዳዘለች አጠገባቸው ቆመችና ነገሯን አወጣች። ልጆቹን የሚይዙት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ በወሩ መጨረሻ አንዷ እዚያው ትቀራለች፣ አንዷ ወደ ልብስ ማሸጊያው ክፍል ትዛወራለች ተብሏል። ማሸጊያ ከተላከች ከልጇ ጋር የምትገናኘው ማታ ብቻ ነው። ባልደረባዋ የተቆጣጣሪዋ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ቋ ቋ ሲል ገና ስትሰማ ብድግ ብላ ታጨበጭባለች፣ ልጆቹን ታዘምራለች። ጫማው ሲርቅ መልሳ ትቀመጣለች። ትርንጎ ግን ልጆቹን በሰዓታቸው አብልታ በሰዓታቸው ስለምታስተኛ፣ ተቆጣጣሪዋ በመጣች ቁጥር የምታገኛት ቁጭ ብላ ነው። «አንቺ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላታለች፣ አንዴ አይደለም ሁለቴ። ትርንጎም የምትመልሰው እያጣች፣ ትምህርቴን ብጨርስ ኖሮ አፍ ይኖረኝ ነበር እያለች ትበሳጫለች።

ታዲያ ትናንት እሷም ጫማውን ስትሰማ የተኙትን ልጆች ቀስቅሳ አጨበጨበች። ተቆጣጣሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችላት፤ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አለቻት። ልጆቹ ግን እስኪመሽ ሲነጫነጩ ዋሉ። የራሷ ልጅ እንኳ ጡት ስትሰጣት ፊቷን አዞረችባት።

«እና አባባ» አለች ትርንጎ፣ «ሰውን በሥራው የሚያቆየው መሥራቱ ነው ወይስ መታየቱ?»

አባባ ላቀው የሚቀመጡበትን ዱካ ገፋ አድርገው አስቀመጧትና እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከዚያ ነው ስለዚያ ሰው ያወሩላት።

ሰውየው ገበሬ ነበር። ቤቱ ከወንዝ ወዲህ፣ ማሳው ከወንዝ ማዶ ነው። እግሩን ስለሚያመው በየቀኑ መሻገር አይሆንለትም። በዚያ ዓመት ሌላው አዝመራ ሁሉ ከድቶት የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ያ ማሽላ ብቻ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ፍሬው ወተት ሲይዝ፣ ወፍ በሚበረታበት ሰሞን፣ ጠባቂ ቀጠረ።

የተቀጠረው ዝምተኛ ሰው ነበር። ወፍ አጥብቆ የሚበላው በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ ይወጣና ፊቱን ወደ ላይኛው ዳር፣ ወፎቹ ወደሚመጡበት አዙሮ፣ ወንጭፉን ይዞ ይጠብቃል። ገና ሳያርፉ በድንጋይ ይመልሳቸዋል። የሚሰፍሩበትንም ቁጥቋጦ ቀስ በቀስ መንጥሮ ጨርሶታል። ቀትር ላይ ወፉም ጥላ ይፈልጋል፤ ያኔ እሱም ይቀመጣል።

ገበሬው ደጃፉ ላይ ሆኖ ያዳምጣል። ከሌሎቹ ማሳዎች ጩኸቱና ጅራፉ ሲያስተጋባ ይውላል፤ ከሱ ማሳ ግን ምንም የለም። ጎረቤቶቹ ይቀልዱበት ጀመር። አንዱማ ጠላ ቤት ሰው በተሰበሰበበት፣ «ያንተ ጠባቂ ሳይሞት አልቀረም፤ ለቅሶ መቼ እንድረስህ?» አለው። ገበሬው አብሮ ሳቀ፤ ነገሩ ግን ከነከነው። በማግስቱ በቀትር አንድ ሰው ልኮ ቢያስቃኝ፣ ጠባቂው ከማማው ሥር ቁጭ ብሎ ለወንጭፉ ገመድ እየገመደ ተገኘ። ገበሬው ሌላ አልጠየቀም። የሠራበትን እህል ሰፍሮ አሰናበተው። ሰውየውም አልተከራከረም። ወንጭፉን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ሄደ።

ሁለተኛውን ሲቀጥር ገበሬው አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ነገረው። «ጅራፍህን ልስማ። ጅራፍህን እስከሰማሁ ድረስ ሥራ ላይ እንዳለህ አውቃለሁ።»

ይኸኛው ወጣትና ጉልበታም ነበር፤ ሰነፍም አልነበረም። «ይህን ልብ በይልኝ» አሉ አባባ ላቀው፤ ሰነፍ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር። ከጧት እስከ ማታ ጅራፉን ያጮሃል። ድምፁ ወንዙን እንዲሻገርለት የሚቆመው በማሳው ታችኛው ዳር ነው፤ ፊቱን ወደ ገበሬው ቤት፣ ጀርባውን ለማሽላው ሰጥቶ። መጀመሪያ ወፎቹ በረገጉ። በሁለተኛው ቀን ብር ብለው ተነሡና መልሰው አረፉ። በሦስተኛው ቀን ከላይኛው ዳር አልተነሡም።

ወጣቱ ይህን አይቷል። አንድ ቀን ጅራፉን ትቶ ወደ ላይ ወጣና በድንጋይ ሲያባርራቸው ዋለ፤ ደህና አድርጎም አባረራቸው። ማታ ላይ ከገበሬው መልእክት ደረሰው፤ ዛሬ ምን ሆንክ፣ ድምፅህ ጠፋ፣ ታመህ ነው ወይስ ተኝተህ የሚል። ከዚያ ወዲያ ከታችኛው ዳር ፈቀቅ አላለም። ትከሻው አበጠ። ቅቤ እያሸ ማጮሁን ቀጠለ።

ገበሬው ደስ አለው። ምሳ ከጠላ ጋር ይልክለታል። እንግዳ ሲመጣ ወሬውን ያስቆምና «እስኪ ስሙልኝ» ይላል። ከሰዓት በኋላ ጅራፉን እየሰማ ሸለብ ያደርገዋል፤ እንደዚያ ሰሞን እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም።

ማሽላው እሸት ደረሰ በተባለ ጊዜ በቅሎ ተውሶ ተሻገረ። መንገዱ ላይ አንድ ጭር ያለ ማሳ አገኘ። የዚህስ ባለቤት ጉድ ሆኗል ብሎ፣ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያየው አለፈ። የራሱ ማሳ ጋ ሲደርስ ጅራፉ ይጮሃል። ቀና ብሎ ቢያይ አገዳው እንደቆመ ነው፤ ራስ ራሱ ግን ተለቅሞ ገለባው ብቻ ቀርቷል። ወፎቹ ከወጣቱ አሥር እርምጃ ያህል ርቀው የቀረችውን ይለቅማሉ። ጅራፉ ሲጮህ አንዷ እንኳ አንገቷን ቀና አላደረገችም።

ገበሬው ከበቅሎው ሳይወርድ ጠየቀው።

«ወፎቹን አታያቸውም?»

«አያቸዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«እርስዎ ጅራፍህን ልስማ ነው ያሉኝ። ወፍ ያባረርኩ ዕለት ተቆጡኝ።»

ገበሬው በቅሎውን አዞረ። ሲመለስ ያንን ጭር ያለ ማሳ አሁን ደህና አድርጎ አየው። ማሽላው ፍሬው ከብዶት አጎንብሷል። ከማማው ሥር የመጀመሪያው ጠባቂ ቁጭ ብሎ ገመዱን ይገምዳል። ገበሬው ሰላምታ ሰጥቶት አለፈ። በዚያ ክረምት ቤተሰቡ እህል የበላው ከሰው ለምኖ ነው።

አባባ ላቀው እዚህ ላይ ከግድግዳው ተላቀቁና ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ያ ጅራፍ አንድ ቀን እንኳ ለወፎቹ ጮሆ አያውቅም፤ ለጌታው ጆሮ ነበር። ሰውየው ይህን እስኪያውቅ አዝመራው አለቀ፤ ወፎቹ ግን በሦስት ቀን ዐወቁት። ያንቺም ልጆች እንደዚያው ናቸው። ትናንት ስታጨበጭቢ ለነሱ ብለሽ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል፤ የተነጫነጩብሽ ለዚህ ነው። የተቀመጠ ሁሉ እየሠራ ነው አልልሽም፤ ተቀምጦ የሚያንቀላፋም ሞልቷል። ያቺ ተቆጣጣሪ እቴጌሽም ታይልሻለች ብዬ አልዋሽሽም። ያንን የመጀመሪያውን ሰው ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም። ግን የትም ቢሄድ ማሽላ መጠበቅ ያውቃል። ሁለተኛው ያን ሁሉ ደክሞ የተማረው ጅራፍ ማጮህ ብቻ ነው።»

ትርንጎ አንቀልባዋን አጠበቀች። ልጇ ጀርባዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። በኋላ ከዱካው ተነሣችና፣ «ይህን ሁሉ እንዴት አወቁት አባባ? የመጀመሪያው ጠባቂ እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው።

አባባ ላቀው ሳቁ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ሊያነሡ ሞከሩ፤ ትከሻቸው ጋ ሳይደርስ ቀረ።

«እሱን ብሆንማ በሩን በሁለት እጄ እከፍትልሽ ነበር» አሉና በግራቸው ከፈቱላት።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ልጆቹ ሁሉ ተኝተዋል። ባልደረባዋ ወተት ልታመጣ ወጥታለች። ትርንጎ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጥርስ እያወጣ ሲያለቅስ የቆየውን የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ታፋዋ ላይ አስተኝታዋለች። ጫማው ከኮሪደሩ ጫፍ ተሰማ። መጥረጊያው ከበሩ ጀርባ፣ እጇ በሚደርስበት ቦታ ነበር። አልነካችውም። ጫማው ቀረበ፤ በሩ ተከፈተ። ተቆጣጣሪዋ ክፍሉን ቃኝታ እንደ ልማዷ ልትናገር ስትል፣ ትርንጎ ቀና ብላ አየቻትና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።