አርባ ቁልፎችና አንድ ወፍጮ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ወቅት፣ ጠጠር ሜዳ በምትባል የመንገድ ዳር ከተማ አቶ አለነ የሚባሉ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። የበኩር ልጃቸው ሽባባው ጆንያ ሲሸከም ያደገ ክንደ ብርቱ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል፣ አባቱ ጠጥተህ ገባህ ብለው ከወፍጮ ቤቱ ምሰሶ ጋር አስረው ስለገረፉት፣ ቤቱን ጥሎ ሌላ ከተማ ባጃጅ መንዳት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ታናሺቱ ስመኝ ሚዛኑ ላይ ትሠራለች።

ስመኝን ከሦስት ወር ወዲህ አንድ ነገር ይዟታል። የተበላሸ የጠረጴዛ መሳቢያ ልትጠግን መቆለፊያውን ስትፈታ፣ እንደ ምላጭ የሳሱ፣ መሃላቸው የተበሳ አምስት የነሐስ ሉሆች ተደርድረው አገኘች። የቁልፉ ጥርስ እያንዳንዱን ሉህ ከልኩ ሲያደርሰው መቆለፊያው ይዞራል። ነገሩ ገረማት። ከዚያ በኋላ ከቆራሌው አሮጌ ቁልፍ እየለቀመች በብስኩት ቆርቆሮ ታጠራቅም፣ ያየችውን የቁልፍ ቀዳዳ ሁሉ በስልኳ መብራት ትመረምር ጀመር። ክብ ፍሬ ከታያት የቤት በር፣ ጠፍጣፋ ሉህ ከታያት የመሳቢያ ወይም የቁም ሳጥን ወይም የመኪና ነው ትላለች። ጀማሪ ስለሆነች ትሳሳታለች። አንድ ቀን የማይሆን ቁልፍ በግድ ስታዞር ሰብራ ውስጥ አስቀርታለች። አንድ ቀን ደግሞ የዕቃ ቤቱን የብረት ቁም ሳጥን ቁልፍ ከሌሎች ጋር ላስተያየው ብላ ከተሰቀለበት ምስማር አንስታ፣ ቆርቆሮዋ ውስጥ ጨምራ ረሳችው።

በዚያው ሰሞን አቶ አለነ ፍርድ ቤት ሊመሰክሩ ተጠርተው ነበር። አንድ ሰው ጎረቤታቸውን በወሰን ጠብ በገጀራ ሲገድል በዓይናቸው አይተዋል። ቀጠሮው ሰኞ ነበር። እሑድ ቀትር ላይ ከተማው ቀብር ሲወጣ፣ የገዳዩ ሦስት ዘመዶች ወፍጮ ቤቱ ገቡ። አቶ አለነን በገጀራ ጀርባ ጭንቅላታቸውን መትተው ጣሏቸው። ከዚያ በደማቸው ላይ እየጎተቱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከተቷቸውና በሩን ገፉት። ሲገፉት በራሱ የሚቆለፍ ነው። የሞተሩን ናፍጣ በጆንያዎቹ ላይ አርከፍክፈው ክብሪት ጫሩ። በእሳት አደጋ ሞተ እንዲባል ነው።

ሦስቱም ልጆች ጓሮ ነበሩ። ይበልጣል የቀረ ልብሱን ሊወስድ የመጣው በዚያው ቀን ነው። የአባታቸውን ጩኸት ሰምተው ሮጡ።

ሽባባው በቤቱ የነበረውን ብቸኛ ዲጂኖ አንስቶ፣ ስመኝ ወደ አባቷ ስትገባ ሰዎቹ እንዳይከተሏት ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመ። የመጀመሪያውን አገጩን ሰበረው። ሁለተኛው በገጀራ የግራ እጁን ሦስት ጣቶች ቆረጠው፤ ሽባባው ግን በቀረው እጁ ጉልበቱን መትቶ ጣለው። ሦስተኛው ገጀራውን ወርውሮ ወደ ግቢው በር ሮጠ። ስመኝ ከውስጥ፣ «ጋሼ፣ ዲጂኖውን አምጣልኝ፣ የቁም ሳጥኑን በር ልፈልቅቀው» ስትል ተጣራች። ሽባባው አልተመለሰም። ተከትሎት ሄዶ በር ላይ ሲደርስ ማጅራቱን መታው። ሰውየው እዚያው ሞተ።

ቁልፉ የተፈለገው ውጊያው በሩ ላይ ገና ሲካሄድ ነበር። ቆርቆሮው ከስመኝ አልጋ ሥር ነው፤ ወደ ክፍሏ የሚወስደው መተላለፊያ ደግሞ ነድዷል። ቁልፉ እዚያ እንዳለ ተናገረች፤ ማን እንዳስቀመጠው ማንም አልጠየቃትም። ይበልጣል ጆንያ በውኃ ነክሮ ተከናነበና ነበልባሉ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ፀጉሩ የለም። የጋለው ቆርቆሮ ከመዳፉ ቆዳ ጋር ተጣብቆ፣ ስትቀበለው ቆዳው አብሮ ተላጠ።

ስመኝ ቁልፎቹን መሬት ላይ ዘረገፈች። አርባ ናቸው። አባቷ ከውስጥ ብረቱን ይደበድባሉ፤ ድብደባው ግን እየሳሳ ነበር። ከኋላዋ ወንድሟ በዲጂኖ አጥንት ሲመታ ትሰማለች። መጣደፍ፣ ያገኘችውን ቁልፍ ሁሉ መሞከር አማራት። አንዱ ከተሰበረ ግን አለቀ። የስልኳን መብራት ቀዳዳው ላይ ደቅና ሉሆቹን አየች፤ የቁልፍ ጥርስ የሚገፋቸው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። የቤት በር ቁልፎችን አስወገደች። በሁለት ወገን ጥርስ ያላቸውንም አስወገደች። አምስት ቀጫጭን ቁልፎች ቀሩ፤ አንድ ዓይነት ናቸው። በእንዲህ ያለ መቆለፊያ ፊት ላይ ከቁልፉ ጋር አንድ የሆነ ቁጥር ይጻፋል፤ የዚህኛው ፊት ግን በዘይት ቀለም ተለብጧል። በጥፍሯ ፋቀችው፤ ጥፍሯ ተገንጥሎ ደማች። ከቀለሙ ሥር ቁጥር ወጣ፤ ሦስት መቶ አርባ ሰባት። ድብደባው በዚህ መሀል ቆመ። ሦስት መቶ አርባ ሰባት የተጻፈበትን ቁልፍ አግኝታ ከተተች። ዞረ።

አቶ አለነ ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ግን ተረፉ። እሳቱን ከቀብር የተመለሰው ሕዝብ አጠፋው፤ የወፍጮው ሞተር አልተነካም። የአቶ አለነ ሳንባ ግን ጭስ ስለጎዳው የዱቄት ብናኝ የማይችል ሆነ። ስለዚህ ከጥቂት ወራት በኋላ ሽማግሌዎች ሰብስበው፣ «ወፍጮው አንድ ነው። ድንጋዩን ለሦስት አልሰብረውም። ሕይወቴን ላተረፈው እሰጣለሁ» አሉ።

ሽባባው በዋስ ተለቅቆ ስለገደለው ሰው ክሱን ይጠብቃል። በግራ እጁ የቀሩትን ሁለት ጣቶች አሳይቶ፣ «እኔ በሩ ላይ ባልቆም ማን ተቀምጦ ቁልፍ ይለይ ነበር?» አለ። አንድ ሽማግሌ የሚሸሸውን ከመከተል ለምን ለእህቱ ዲጂኖውን እንዳላቀበላት ጠየቁት። ሰውየው ቢያመልጥ ሌሎች ይዞ ይመለስ ነበር ብሎ መለሰ። ይመለስ እንደነበር ግን የሚያውቅ የለም።

ይበልጣል እጆቹ በፋሻ እንደተጠቀለሉ ነበር። «ቆርቆሮው ከእሳት ባይወጣ የሚለይ ቁልፍ የለም» አለ። ከዚያ አባቱን ሳያይ ጨመረ፤ «እነሱ ለሚወዷቸው አባት ነው የታገሉት። እኔ የገባሁት ለገረፉኝ ነው።»

ስመኝ ዝም ማለት ትችል ነበር። ስለ ምስማሩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወፍጮውን ደግሞ ከልቧ ትፈልገዋለች፤ በአንዱ ጥግ የቁልፍ መጠገኛ ልትከፍት ሌት ተቀን ታስባለች። ግን የወንድሟን የተጠቀለለ መዳፍ አየች። ተነሥታ፣ «ቁልፉን ከቦታው ያነሳሁት እኔ ነኝ። ባላነሳው ይበልጣል እሳት ውስጥ አይገባም ነበር» አለች። ቀጥላም፣ «ከአርባው ለይቼ የከፈትኩትም እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ቀን ተከራከሩ። አንዱ ደሙ የፈሰሰው ይቅደም አሉ፤ ሌላው ሰው የገደለ እጅ እህል አይፍጭ አሉ፤ ሦስተኛው ጥፋቷን በራሷ አንደበት የተናገረች ልጅ ትታመናለች አሉ፤ ሌላው ደግሞ ያመነችውም ጥፋት ጥፋት መሆኑ አይቀርም አሉ። አልተስማሙም። አቶ አለነም እስከ ዛሬ አልወሰኑም፤ ወፍጮው ተዘግቷል፤ የጠጠር ሜዳ ሰው እህሉን ተሸክሞ ሌላ ከተማ ያስፈጫል።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ፤ በሩን ለያዘው፣ እሳት ውስጥ ለገባው፣ ወይስ ቁልፉን ለለየችው? ወፍጮው የሚገባው ለማን ነው?