የለቃሚዎቹ ፓርቲና የሆስፒታሉ በር

በአንድ ወቅት፣ ከወንዝ በተጠለፈ ውሃ ጥጥ በሚመረትባት መልካ ጨፌ በምትባል የቆላ ከተማ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ። ሦስቱም የተዋወቁት ጥጥ ሲለቅሙ ነው። ሐይረዲን ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ ከመጥራታቸው በፊት እሱን ይጠሩት ነበር። ዘምዘም ያመነችበትን ፊት ለፊት ትናገራለች፤ ከተናገረችም አትመለስም። ላምቤቦ ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ነው። ከዘበኛውም ከሥራ አስኪያጁም ይግባባል፤ አንድ ነገር በቀጥታ አልሆን ካለው በጓሮ ዞሮ ያሳካዋል።

በዚያ ከተማ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ነበር። ቋሚው ቤት አለው፣ ልጆቹን እዚያው ያስተምራል፣ ምርጫ ሲደርስም ይመርጣል። ጊዜያዊው ግን በለቀማ ወቅት ከደጋ ይወርዳል፣ በሣር ዳስ ያድራል፣ ጥጡ ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል። የእርሻው ክሊኒክ የሚያክመው ቋሚውን ብቻ ነው። ሦስቱ ጓደኛሞች ከቋሚዎቹ ነበሩ።

አንድ የለቀማ ወቅት ወባ ገባ። የዘምዘም ታላቅ ወንድም በጊዜያዊነት ሊለቅም ከደጋ ወርዶ ነበርና ታመመ። ተሸክመው ክሊኒኩ አደረሱት፤ ዘበኛው መታወቂያ ጠየቃቸው። ሰውየው አጥሩ ሥር፣ ግራር ጥላ ውስጥ ተኝቶ ሞተ። ሦስቱ ጓደኛሞች ከቀብር ሲመለሱ ፓርቲ ለማቋቋም ተስማሙ። የፓርቲው የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ጥጥ የለቀመ ሁሉ እኩል ነው። ቋሚም ይሁን ጊዜያዊ፣ ሲታመም ይታከማል፣ ሲመሽ በቤት ያድራል።»

ለከተማው ምክር ቤት ሁለት ጊዜ ተወዳደሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፉ። ያሸነፈው የእርሻው ባለቤቶች የሚደግፉት ፓርቲ ነበር። ምክንያቱ የተሰወረ አልነበረም። ድምፅ የሚሰጠው ቋሚው ሠራተኛና ባለሱቁ ነው፤ ጊዜያዊው በከተማው የምርጫ መዝገብ የለም።

ሦስተኛው ምርጫ ሲቃረብ ሐይረዲን ቤት ተሰበሰቡ።

«አንደኛውን አንቀጽ ብንሰርዘው እናሸንፋለን» አለ ሐይረዲን። «ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ሰዉ የሚለኝ አንድ ነው። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ትምህርት ቤት የምትሉት ደስ ይለናል፤ ለመንገደኛ ቤት ሥሩ አትበሉን ነው የሚለኝ።»

«ይህን ፓርቲ ያቋቋምነው እኮ ለእነዚያ መንገደኞች ብለን ነው» አለች ዘምዘም።

«ድምፅ የላቸውም።»

«ስለሌላቸው አይደለም እንዴ የተነሳነው?»

«ተነስተን ምን አደረግንላቸው? የታመመ ሰው በመግለጫ አይድንም፣ ዘምዘም። ሥልጣን ላይ ያለው ነው ሐኪም የሚቀጥረው።»

«አሸንፈህ በሩ ላይ ስትቆም ግን የመረጡህ ሰዎች እንዳትከፍት ያዙሃል። ያኔስ?»

«ያኔ ቢያንስ በሩ ላይ እሆናለሁ» አለ ሐይረዲን።

«እኔን የሚያስፈራኝ ሁለታችሁም ልክ መሆናችሁ ነው» አለ ላምቤቦ።

ድምፅ ተሰጠና አንቀጹ ተሰረዘ። ላምቤቦ እጁን ያወጣው ከሐይረዲን ጋር ነው። ዘምዘም ነጠላዋን አንስታ ስትወጣ ግን ተከትሏት ሄደ።

«ለምን ከእኔ ጋር አልሆንክም?» አለችው መንገድ ላይ።

«ቤቱ ውስጥም የኛ ሰው መኖር አለበት።»

«ቤቱ ውስጥ የገባ ሰው ቤቱን ይመስላል» አለችና ብቻዋን ሄደች።

ፓርቲው በጠባብ ልዩነት አሸነፈ፤ ምክር ቤቱን የያዘው ከባለሱቆቹ ተወካዮች ጋር ተጣምሮ ነው። ሐይረዲን ከንቲባ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር ሥራ ሠራ። የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ አደገ፣ ውሃ በየሰፈሩ ገባ። ከሁሉ በላይ ከተማው የራሱን ሆስፒታል ሠራ። ነዋሪው መዋጮ ያወጣው ግን ሐይረዲን በአደባባይ ቃል ስለገባለት ነው፤ ሆስፒታሉ ለነዋሪው ብቻ ይሆናል ብሎ። አንድ ነገር ብቻ በደንቡ ውስጥ ተለይቶ ተቀመጠ። ተላላፊ ወረርሽኝ ከታወጀ ሆስፒታሉ ለማንም ክፍት ይሆናል። ይህን የማወጅ ሥልጣን የከተማው የጤና ኃላፊ ነው፤ የጤና ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ደግሞ ላምቤቦ።

ዘምዘም ለብቻዋ ተወዳድራ ነበር፤ ያገኘችው ድምፅ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የድሮ ጓደኞቿ ገበያ ላይ ሲያገኟት «ለጥቂት ድሉን ለእርሻው ሰዎች አሳልፈሽ ልትሰጪ ነበር» እያሉ ይወቅሷታል። እሷ ወደ ለቀማዋ ተመለሰች። የለቀማ ወቅት በመጣ ቁጥር ምሳ ሰዓት ላይ ዳስ ለዳስ እየዞረች ለጊዜያዊዎቹ የተሰረዘውን አንቀጽ በቃሏ ትነግራቸዋለች። ብዙዎቹ ሰምተው ይተኛሉ። አንዳንዶቹ ግን ይጠይቋታል።

በሐይረዲን ዘመን ሦስተኛው የለቀማ ወቅት ላይ ያለጊዜው ዝናብ ጣለ፤ ቦዮቹ ሞሉ፣ ውሃው ተኛ። ወባው ዳሶቹን አንድ በአንድ ገባባቸው። ከታመሙት መሐል ከባላቸውና ከልጃቸው ጋር ከደጋ የወረዱ እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ቤተሰብ ነበር። መጀመሪያ ባላቸው ወደቁ፣ ቀጥሎ ልጃቸው ውዴ።

ሐይረዲን ወሬው ሲደርሰው ምክር ቤቱን ጠራ። «በሩን እንክፈት» አለ። የባለሱቆቹ ተወካዮች፣ «ቃል ገብተህልናል፤ ከከፈትክ ከነገ ጀምሮ ከአንተ ጋር አይደለንም» አሉት። እነሱ ከለቀቁ ምክር ቤቱ ይፈርሳል፣ ሥልጣን ወደ እርሻው ሰዎች ይመለሳል፣ እነሱም ሆስፒታሉን ለእርሻው እንደሚያስረክቡ አስቀድመው ተናግረዋል። ሐይረዲን ለመናቸው፤ እምቢ አሉ። ቃሉን አላፈረሰም። ቢሮው ገብቶ ወደ ዋናው ከተማ ስልክ እየደወለ ግን መድኃኒት ማከማቸት ጀመረ። ለማን እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ «ለነዋሪው» ይላል፤ ያዘዘው መድኃኒት ግን ለነዋሪው ከሚበቃው በብዙ ይበልጥ ነበር።

ዘምዘም የሰማችው የምክር ቤቱን እምቢታ ነው። ማሳ ገብታ የለቀመችውን ጥጥ መሬት ላይ አፈሰሰችና፣ «የታመመው ሳይታከም አንዲት ፍሬ አትለቀምም!» አለች። ጊዜያዊዎቹ ተከተሏት። የታመሙትን በቃሬዛ፣ በጀርባ፣ በጋሪ ጭነው በፀሐይ ወደ ከተማው ወሰዱና ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀመጡ። ዝናብ እየዛተ ጥጡ ማሳ ላይ ቀረ፤ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ምክር ቤቱን ይወተውት ጀመር። ከተማው የማያያቸው ሰዎች ዓይኑ ሥር ተቀመጡ። ግን ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ መንገዱም ረጅም። የእማማ ደብሪቱ ባል በሩ ላይ እንደደረሱ አረፉ። ዳሱ ውስጥ ቢቆዩ ይተርፉ ነበር? ማንም አያውቅም።

ላምቤቦ በሆስፒታሉ መስኮት ቆሞ ሬሳው ሲሸፈን አየ። ተላላፊ ወረርሽኝ የሚባለው ከሰው ወደ ሰው የሚሸጋገር ነው፤ ወባ በዚያ አይቆጠርም። ይህን ያውቃል። ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመና፣ «ኮሌራ ገብቷል፤ እንደ ጤና ኃላፊነቴ አውጃለሁ» አለ። በሩ በደንቡ መሠረት ተከፈተ። የታመሙት ገቡ፣ ውዴም ገባች። ሐይረዲን ያከማቸው መድኃኒት ወጣላቸው። ከተማው ግን በድንጋጤ ተናወጠ። ገበያው ተዘጋ፣ አውቶቡስ መግባት አቆመ፣ አትክልት የሚነግዱ ሴቶች ዕቃቸው በሰበሰባቸው። ያን ቀን የተፈራው ኮሌራ አንድም ሰው አልያዘም፤ ሰዎች ኋላ ይህን ሲያውቁ፣ እውነተኛ ኮሌራ ቢመጣ ማን ያምናል ብለው ጠየቁ።

ማጣራት ተጀመረ። ሐይረዲን ከመጀመሪያው ቀን ወባ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ግን አፉን አልከፈተም። ማጣራቱ ሲያልቅ ላምቤቦን ከሥራ የሚያሰናብተውን ደብዳቤ የፈረመው እሱ ነው።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለው ሲሰጠው።

«አንተ ባትፈርም ፓርቲው ይወድቅ ነበር» አለ ላምቤቦ። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ጥቂት ጊዜ ታስሮ ተፈታ።

ቀጣዩ ምርጫ ሲደርስ የተከፋፈለው ፓርቲ አብሮ ካልሆነ እንደሚሸነፍ ሁሉም ገባው። ጉባኤው በለቀማ ወቅት፣ በጥጥ መዳመጫው መጋዘን ተጠራ። ጊዜያዊዎቹም በጉባኤው ድምፅ እንዲኖራቸው ዘምዘም ጠየቀች፤ ሐይረዲን ሳይከራከር ተቀበለ። ለፓርቲው መሪነት ሦስቱም ተጠቆሙ።

መጀመሪያ ሐይረዲን ተናገረ። «ሆስፒታሉን የሠራነው ስላሸነፍን ነው። ባናሸንፍ ኖሮ ዘምዘም የምትቀመጥበት በር፣ ላምቤቦም የሚከፍተው በር አይኖርም ነበር። እኔን ከመረጣችሁ ባለሱቆቹ ከእኛ ጋር ይቆያሉ፣ እናሸንፋለን። አንደኛውን አንቀጽ ግን በዚህኛው ዘመን እመልሳለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። በሩ ላይ ለሞቱት ሰው ልቤ ያለቅሳል። ያም ሆኖ ያን ውሳኔ ዛሬም ብመለስበት የማደርገው ያንኑ ነው።»

ዘምዘም ተከተለች። «ሆስፒታሉ ባዶ ነበር፣ ለእኛ። ሰው መጥቶ በሩ ላይ ባይቀመጥ፣ መብት አለኝ ብሎ ባይመጣ፣ መድኃኒቱ መጋዘን ይበሰብስ ነበር። ያን መብት በየዓመቱ ስነግራችሁ የነበርኩት እኔ ነኝ። እኔን ከመረጣችሁ አንቀጹ ነገ ይመለሳል። ልንሸነፍ እንችላለን፤ ከተሸነፍን ሆስፒታሉ ወደ እርሻው ይሄዳል። ይህን አልደብቃችሁም። ግን የምንፈልገውን ሳንናገር ካሸነፍን ያሸነፈው ሌላ ሰው ነው።»

በመጨረሻ ላምቤቦ ተነሳ። «እኔ ዋሽቻለሁ። አንዱ ቃሉን ለመጠበቅ፣ አንዷ እውነቱን ለመናገር ሲደክሙ፣ በሩ የተከፈተው በውሸት ነው። አልኮራበትም። ከመረጣችሁኝ ለባለሱቆቹ የሚፈልጉትን እናገራለሁ፣ ለእናንተ የምትፈልጉትን እሠራለሁ። አንድ ቀን እንደገና መያዜ አይቀርም። እስከዚያ የሚተርፈው ይተርፋል።»

ድምፅ አሰጣጡ በሰልፍ ነበር፤ ሰው ከመረጠው ሰው ጀርባ ይቆማል። ቋሚዎቹ በብዛት ከሐይረዲን ጀርባ ቆሙ። ጊዜያዊዎቹ ወደ ዘምዘም ሄዱ፤ ሆስፒታል ተኝተው የዳኑት ደግሞ ከነቤተሰባቸው ላምቤቦ ጋ። ሲቆጠር ሦስቱ ሰልፎች እኩል ሆኑ። ያልተሰለፉት እማማ ደብሪቱ ብቻ ነበሩ። ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው መጋዘኑ መሐል ቆመዋል፤ ውዴ ክንዳቸውን ይዛለች።

«እማማ፣ አንድ ጋ ይሰለፉ እንጂ፤ እርስዎን ነው የምንጠብቀው» አላቸው ሰብሳቢው።

«ልጄ የዳነችው በዚህ ሰው መድኃኒት ነው» አሉ ወደ ሐይረዲን እያዩ። «ባሌን በር ላይ ያስቀረውም የሱ ቃል ነው። ሰው ናችሁ ብላ የነገረችን ዘምዘም ብቻ ናት፤ በፀሐይ ይዛን የሄደችውም እሷ ናት። ያ ደግሞ በሩን ከፈተልን። ከመክፈቱ በፊት ግን መስኮት ላይ ቆሞ ያየን ነበር፤ አይቼዋለሁ።» ከዚያ ልጃቸውን፣ «አንቺ ብትሆኚ የቱ ጋ ትቆሚ ነበር?» አሏት። ውዴ ሦስቱንም አየቻቸው፤ አልመለሰችም።

ሦስቱ ጓደኛሞች ከሰልፎቻቸው ፊት ቆመው እርስ በርስ መተያየት አልቻሉም፤ ሁሉም የሚያዩት እኚህን ሴት ነው። እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን አጣፉና አንድ እርምጃ ተራመዱ።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን የሚነግሩኝ ሰዎች ሁሉ የየራሳቸውን ነው የሚነግሩኝ። እንግዲህ በእሳቸው ቦታ ቁሙና ንገሩኝ፦ በሩን ሠርቶ የዘጋው፣ በሩ ድረስ አምጥታ ያስቀመጠቻቸው፣ ወይስ ዋሽቶ የከፈተው፤ ፓርቲው የሚገባው ለማን ነው?