ኳሱን የማይለቅ ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ከቀረ ብዙ ወራት ባለፉበት አገር፣ የሜዳ እንስሳትና የገደል ዝንጀሮዎች በአንዲት ኩሬ ተጣሉ። ወንዙ ደርቆ፣ ምንጩ ሁሉ ነጥፎ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ማለዳ ሲደርሱባት ውሃዋ ጥርት ያለ ነው፤ አንዱ ወገን ገብቶ ከጠጣ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሆና ትውላለች። ጠቡም ማን ቀድሞ ይጠጣ በሚል ነበር። በድንጋይ ተወራወሩ፣ በቀንድ ተዋጉ፣ ተነካከሱ። መፍትሔ ግን አልተገኘም።

በመጨረሻ የአገሩ ዳኛ አያ አንበሶ ሁለቱንም ወገን ጠርቶ፣ «በእናንተ ጩኸት እንቅልፍ አጣሁ። ከእንግዲህ በጨዋታ ተለያዩ» አላቸው።

በሜዳው ወዲህና ወዲያ ጫፍ ባሉት ሁለት የሾላ ዛፎች ላይ ቅርጫት ተሰቀለ። ገለባ የተጠቀጠቀበት፣ በቁርበት የተሰፋ ኳስም ተዘጋጀ። ሕጉ ቀላል ነው። ከየወገኑ አምስት ተጫዋች ይሰለፋል፤ ኳሱን በተቃራኒው ቅርጫት አብዝቶ ያስገባ ያሸንፋል፤ የአንደኛው ሾላ ጥላ ከሜዳው ዳር ያለውን ትልቅ ድንጋይ ሲነካ ጨዋታው ያበቃል። ግጥሚያው አዲስ ጨረቃ በወጣች ቁጥር ይደረጋል፤ ያሸነፈው ወገን እስከሚቀጥለው ግጥሚያ ድረስ ማለዳ ማለዳ ቀድሞ ይጠጣል።

ከሜዳ እንስሳት የተሰለፉት አምበሉ ድኩላ፣ ዝላይ የምታውቀው ፍየል፣ ፈጣኗ ጥንቸል፣ እመት አህዪትና አያ ጅቦ ነበሩ። ጅብን የመረጡት አንገቱ ብርቱ ስለሆነና ኳስ አርቆ ስለሚወረውር ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እምቢ ሊለው የደፈረ አልነበረም። አያ አንበሶ ድርቁ እስኪያልፍ ድረስ የቡድን ጓደኞቹን እንዳይነካ አስምሎታል። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ግን ማንም አልማለም።

እመት አህዪት ቦታዋ ከቅርጫቱ ሥር ነበር። በኋላ እግሮቿ ስትቆም ከንፈሯ የቅርጫቱን አፍ ይነካል፤ ኳሱ ከደረሳት ማስገባት ለእሷ ገለባ ከማንሳት አይከብድም። ችግሩ ኳሱ አይደርሳትም።

በመጀመሪያው ግጥሚያ የሜዳዎቹ ቡድን ጥሩ ጀምሮ ነበር። ጥንቸል በዝንጀሮዎቹ እግር መሀል እየሾለከች ኳሱን ታመጣለች፣ ድኩላ ይቀበላታል፣ ከዚያ ለጅብ ያቀብለዋል። ኳሱ ጅብ ዘንድ ሲደርስ ግን ነገሩ ሁሉ እዚያው ይቆማል።

ከሜዳው ዳር እመት ቀበሮ ተቀምጣለች። ካሸነፉ አብራቸው እንድትጠጣ ዝንጀሮዎቹ ቃል ገብተውላታል።

«አያ ጅቦ» አለችው በለስላሳ ድምፅ፣ «ከዚያ ርቀት የሚወረውር እንዳንተ ያለ ማን አለ? ለእነሱ ብትሰጥ እኮ ስሙ የእነሱ ይሆናል።»

ጅብም ይህን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል። አህዪት ከቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ቆማ፣ «አያ ጅቦ፣ እዚህ ነኝ፤ ስጠኝ» ትለዋለች። እሱ ግን ከሜዳው መሀል ሆኖ ይወረውራል። ኳሱ ከቅርጫቱ በላይ አልፎ ዝንጀሮዎቹ እጅ ይገባል። እነሱም ይዘውት እየሮጡ ያስገባሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳያስበው ገባለት፤ የቀረውን ቀን ሁሉ ያቺን አንዲት ውርወራ ሲያወራ ዋለ። ቡድኑ ተሸነፈ።

ያን ጊዜ ጅብን የወቀሰው አልነበረም። «የመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ነው» ብለው ጭቃውን እየጠጡ ቀጣዩን ጨረቃ ጠበቁ።

በሁለተኛው ግጥሚያ ግን ጨዋታው እስከ መጨረሻው እኩል ለእኩል ሄደ። የሾላው ጥላ ወደ ድንጋዩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ድኩላ ኳሱን ነጥቆ እንደ ልማዱ ለጅብ ሰጠው። ዝንጀሮዎቹ ሩጫው አድክሟቸው ወደ ኋላ ቀርተዋል። አህዪት ደግሞ ከቅርጫቱ ሥር ሆና አንገቷን ዘርግታ ትጠብቃለች።

«አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ ከዳር፣ «ያ ኳስ እኮ የተሰፋው በወይፈን ቁርበት ነው። ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል።»

ጅብ ቆመ። ኳሱን አሸተተው። ፀሐይ ሲያግለው የዋለ ቁርበት ነውና ሽታው አፍንጫውን ሞላው። ላሰው። ጠርዙን በጥርሱ ነካ አደረገው፤ ቀጥሎም ዓይኑን ጨፍኖ ማኘክ ጀመረ።

«ስጠኝ» አለችው አህዪት። «ጥላው እየደረሰ ነው።»

«ትንሽ ቆይ» አላት አፉ ሞልቶ።

ከዝንጀሮዎቹ አንዱ ከኋላው መጥቶ ኳሱን ከአፉ መነጨቀና ሮጠ። ኳሱ ቅርጫቱ ውስጥ ሲገባና ጥላው ድንጋዩን ሲነካ አንድ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ክፉ ነበሩ። ኩሬዋ እየጎደለች ስትሄድ ለሜዳዎቹ የሚተርፋቸው ውሃ ሳይሆን ዝቃጭ ሆነ። ግልገሎችና ጥጆች ሆዳቸውን ታመሙ። አንድ ቀን ጠዋት የፍየል ታናሽ ልጅ ከተኛችበት ሳትነሳ ቀረች። ፍየል አላለቀሰችም፤ እስከ ቀትር ከጎኗ ቆማ እየላሰቻት ዋለች። አህዪትም አብራት ቆመች። ልቧ ውስጥም ከዚያ በፊት የማታውቀው ነገር ሲነድ ተሰማት።

በዚያው ቀን አምበሉ ድኩላ ቡድኑን ከግራር ጥላ ሥር ሰበሰበ።

«እንግዲህ ምን እናድርግ?» አለ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ዕድል ከእኛ ጋር አይደለችም።»

«ነፋሱ ነው ያበላሸው» አለ ጅብ። «ኳሱም ከባድ ነው። ደግሞ ይቺ አህያ ሁልጊዜ ከቅርጫቱ ሥር ተገትራ አንድ ቀን እንኳ ስታስገባ አላየኋትም።»

«አንድ ቀን እንኳ ስላልደረሰኝ ነው» አለች አህዪት።

ሁሉም ዘወር ብለው አዩዋት። እመት አህዪት በስብሰባ ላይ ስትናገር ሰምተው አያውቁም። እሷም ወደ ፊት ራመድ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ፊት ለፊት ልንገርህ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ ለስምህ ብለህ ጣልከው። ሁለተኛውን ደግሞ በላኸው። የፍየል ልጅ ዛሬ ተቀበረች።»

ጅብ ጥርሱን አሳየ። ጥንቸል ከድኩላ ኋላ ተደበቀች።

«አምበል ድኩላ፣ ለአንተም የምለው አለኝ» ቀጠለች። «እሱ ኳሱን እንደሚያጠፋው ታውቃለህ። እያወቅህም መልሰህ ትሰጠዋለህ። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። እኛ ባንሰጠው ኖሮ ምን ይዞ ያጠፋ ነበር?»

ከዚያ ወደ ጅብ ዞረች።

«መጫወት ከፈለግህ ተጫወት፤ ውጣ የሚልህ የለም» አለችው ለጅብ። «ግን ተቀብለህ ታቀብላለህ። ሁላችንም እንደምናደርገው።»

«እኔ? ለአህያ ላቀብል?» ጅብ ሳቀ። «መሐላው ድርቁ እስኪያልፍ ብቻ መሆኑን የረሳሽ መሰለኝ። ክረምት ሲገባ ምን እንደምትሆኚ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ብትበላኝ ብላኝ፤ ኳሱን ግን አልሰጥህም።»

ፍየል ተነሥታ ከአህዪት ጎን ሄዳ ቆመች። «እኔም አልሰጥህም» አለች። ጅብ አንድ በአንድ እያፈጠጠ አያቸው፤ የሚለምነው ሲያጣ፣ «እንግዲህ ያለ እኔ ስትዋረዱ አያለሁ» ብሎ ወጣ። በቀጥታም ወደ ቀበሮ ሄደ።

አዲስ ጨረቃ ወጣችና የግጥሚያው ቀን ደረሰ። አያ አንበሶ የተሰለፉትን ቆጥሮ ፊቱን ኮሶ አስመሰለ።

«አምስተኛችሁ የት አለ?»

«አራት ነን» አለች አህዪት።

«በአራት ልትጫወቱ?»

«በአምስት ተጫውተን አይተነዋል።»

ዝንጀሮዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ጅብም ከዳር ሆኖ፣ ከቀበሮ ጎን ተጋድሞ፣ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

አጀማመሩ አስቸጋሪ ነበር። አምስት ለአራት ነውና ሁልጊዜ አንድ ዝንጀሮ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ሁለት ጊዜ ተከታትለው ገባባቸው። ድኩላ ተስፋ ቆርጦ፣ «አላልኩም ነበር?» ሊል አፉን ሲከፍት አህዪት ኳሱን በጥርሷ አንሥታ እግሩ ሥር አኖረችለት። «ስጥና ሩጥ፤ ይዘኸው አትቁም» አለችው።

ኳሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ድኩላ ለጥንቸል፣ ጥንቸል ለፍየል፣ ፍየል መልሳ ለድኩላ። ዝንጀሮዎቹ ለሁለት ግጥሚያ የለመዱት ኳሱ ጅብ ዘንድ እስኪደርስ መጠበቅና የሳተውን መልቀም ነበር። አሁን የሚጠብቁት ጠፋባቸው። ወደ ድኩላ ሲሮጡ ኳሱ ጥንቸል ዘንድ ነው፤ ወደ ጥንቸል ሲዞሩ አህዪት ከቅርጫቱ ሥር ተቀብላ አስገብታለች። እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስገባ በሜዳው ዙሪያ የቆሙት በጎችና ላሞች የሚያዩትን ማመን አልቻሉም። ደግማ አስገባች። ከዚያ ፍየል ከሁሉም በላይ ዘልላ አንድ ጨመረች።

ዝንጀሮዎቹም አንድ መለሱ፤ ቀትር ሲያልፍ ጨዋታው እኩል ነበር። አራቱም ምላሳቸው ወጥቷል፤ ጥንቸል በአንድ የፊት እግሯ እያነከሰች ነው። ጥላውም ወደ ድንጋዩ እየተጠጋ መጣ። በዚህ ጊዜ ኳሱ ለአህዪት ደረሳት፤ ሆኖም ሦስት ዝንጀሮዎች ከበቧት፤ አንዱ ጀርባዋ ላይ ወጣ።

ቀበሮ ከዳር ብድግ አለች። «እመት አህዪት» አለች በዚያው በለስላሳ ድምፅ፣ «ዛሬ የአንቺ ቀን ነው። ወርውሪው፤ ስምሽ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።»

አህዪት ድምፁን ሰማችው። ቅርጫቱ ከራሷ በላይ ነው፤ ለመቆም ግን በጀርባዋ ላይ ያለው ዝንጀሮ አላስቻላትም። ልትሞክረው ትችል ነበር። አፏ ውስጥ ያለው ኳስ ለአንድ አፍታ ጣፈጣት፤ ጅብ ምን ይሰማው እንደነበርም ያን ጊዜ ገባት። በሦስቱ ዝንጀሮዎች መሀል አሻግራ ስታይ ማንም ያልከበባት ጥንቸል ናት። ትንሿን፣ የምታነክሰውን ማን ይጠብቃል?

ኳሱን ጎንበስ ብላ በእግሮቻቸው መሀል አንከባለለችው። ጥንቸል ተቀብላ ቀና ስትል ፍየል ከወዲያ እየሮጠች ነው። ጥንቸል በሁለት የኋላ እግሮቿ ኳሱን ወደ ላይ ጠለዘችው። ፍየል ዘለለች፤ በግንባሯም መታችው። ኳሱ የቅርጫቱን ጠርዝ ዞረና ወደ ውስጥ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ጥላው ድንጋዩን ነካ።

«የሜዳዎቹ አሸነፉ» አለ አያ አንበሶ።

በማግሥቱ ማለዳ የሜዳ እንስሳት ወደ ኩሬዋ ወረዱ። ውሃዋ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰማይ ይታይባት ነበር። ግልገሎቹ ከፊት ተደርድረው ሊጠጡ ሲሉ ጅብ ከኋላ እየገፋ መጣ። «እኔም የሜዳ ነኝ» እያለ፣ ትንንሾቹን እየረገጠ፣ እግሩን ውሃው ውስጥ ሊያስገባ ደረሰ።

አህዪት ዞራ ከፊቱ ተገተረች።

«ትጠጣለህ፤ ማንም አይከለክልህም» አለችው። «ግን ከግልገሎቹ ኋላ ሆነህ ነው።»

ጅብ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ። «ክረምት እየመጣ ነው፣ አህዪት።»

«ይምጣ። እዚሁ ታገኘኛለህ።»

ፍየል ቀንዷን ዝቅ አድርጋ ከቀኟ ቆመች። አምበሉ ድኩላ አንድ ጊዜ ወደ ኋላው አየና መጥቶ ከግራዋ ቆመ። ጥንቸል ደግሞ እያነከሰች፣ በአህዪት የፊት እግሮች መሀል ገብታ ወደ ጅብ ቀና ብላ አየችው። ከኋላቸው ላሞቹ መጠጣቱን ትተው ራሳቸውን አነሡ።

ጅብ የሚያልፍበት ክፍተት ፈለገ፤ አጣ። ጭራውን በእግሮቹ መሀል አድርጎ፣ ከመጨረሻዋ ግልገል ኋላ ሄዶ ተሰለፈ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ራስ ወዳድ የሁሉንም ድካም ደጋግሞ ሲያበላሽ፣ እያወቀ ኳሱን የሚያቀብለውም የጥፋቱ ተካፋይ እንደሆነና እምቢ የሚል አንድ ደፋር ከተነሣ ግን የፈሩትም ከጎኑ ሊቆሙ እንደሚችሉ ነው።