ጃርት ለእመት ኤሊ ያዘጋጀላት ኮምፒውተር

እስቲ ጠጋ በሉና ጆሮ ስጡኝ። ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር እመት ኤሊ የምትባል መድኃኒት አዋቂ ነበረች። የየቅጠሉን፣ የየሥሩን ጥቅም ታውቃለች። ዕድሜዋ ሲገፋ ግን «እኔ ስሞት እውቀቴ አብሮኝ መቀበሩ ነው» ብላ ሠጋች። ልትጽፈው ብላ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አገኘች።

ኮምፒውተሩ ያቃስታል። «ቫይረስ ጨርሶኛል፤ አንድ ፊደል ሲነኩኝ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል» አላት።

የኮምፒውተር ባለሙያው ጃርት ተጠርቶ መጣ። መረመረውና «ሊኑክስ እጭንበታለሁ» አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ሥርዓት ነው። ለአሮጌም አይከብድም።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ማብራቱን እንኳ አላውቅም።»

ጃርት አልሳቀባትም። አሮጌውን ሥርዓት ከነቫይረሱ ጠርጎ አዲሱን ጫነ። ፊደሉን ለዓይኗ አጎላው። ብዙውን ነገር አንስቶ ሦስት ምልክት ብቻ አስቀረላት፤ አንዱ መጻፊያ፣ አንዱ ደብዳቤ፣ አንዱ ኮምፒውተሩን ማጥፊያ። ራሱን በየጊዜው እንዲያድስ አዘዘው። ከውጭ በኔትወርክ የሚያስገባውንም በር ሁሉ ዘጋ።

«አዲስ ፕሮግራም ያለ ይለፍ ቃል አይጫንም። ቃሉን እርስዎ ይጻፉት፤ እኔም አላየውም» ብሎ ፊቱን አዞረ። እመት ኤሊ ቀስ ብላ ጻፈች።

እውቀቷን ሁሉ መጻፍ መጀመሯ ወሬው ቀበሮ ዘንድ ደረሰ። ቀበሮ ጽሑፏን ሰርቆ «አዋቂው እኔ ነኝ» ሊል ተመኘ።

መጀመሪያ «ስጦታ ልኬልዎታለሁ፣ ይክፈቱት» የሚል ደብዳቤ ላከ። እመት ኤሊ ነካችው።

«ይሄ ስጦታ አይደለም፣ ፕሮግራም ነው። ይለፍ ቃል ካልሰጡኝ አልጭነውም» አላት ኮምፒውተሩ። ተወችው።

ቀጥሎ ቀበሮ በኔትወርኩ በኩል መጥቶ አንኳኳ።

«ማነው?» አለ ኮምፒውተሩ።

«መንገደኛ ነኝ።»

«ያልተጠራ አይገባም።»

በሦስተኛው ድምፁን ለውጦ ስልክ ደወለ። «ጃርት ልኮኝ ነው እመት፤ ኮምፒውተሩን ላስተካክልልዎ፣ ይለፍ ቃሉን ይንገሩኝ።»

እመት ኤሊ ጥቂት አሰበች። «ጃርት ስጽፈው ፊቱን ያዞረ ልጅ ነው። ሊያየው ያልፈለገውን ጠይቅልኝ ብሎ ሰው አይልክም» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ክረምት ሲገባ የቀበሮ ልጅ በሆድ ሕመም ወደቀች። ቀበሮ አንገቱን ደፍቶ እመት ኤሊ ደጅ ቆመ። «ልጄ ልትሞትብኝ ነው» አላት።

እመት ኤሊ ኮምፒውተሯን ከፈተች። የጻፈችውን ፈልጋ የቱን ሥር፣ በምን ያህል ውኃ እንደሚያፈላ አነበበችለት። ልጅቱ ዳነች።

ቀበሮ ተመልሶ መጣ። «ያ የደወለው እኔ ነበርኩ» አላት።

«ይሁን፤ እኔም የጻፍኩት ለታመመ ነው» አለችው።

ይህን የሰሙ የሐይቁ ዳር እንስሳት ሁሉ ጃርትን አደነቁ፣ መረቁት። ጃርት ግን «የኔ ሥራ የአንድ ቀን ነው፤ ይለፍ ቃሏን በየቀኑ የጠበቀችው እሷ ናት» አላቸው።

በር የሚዘጋው በሌባ ላይ ነው እንጂ በእንግዳ ላይ አይደለም። ተረቴ ይኸው ነው፤ ፍሬው ለእናንተ፣ ገለባው ለእኔ።